ሀኬት ክርስትና ስትነሣ

ታኅሣሥ 30 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለት በገና ማግሥት፣ ሐሙስ ጧት ከሁለት ሰዓት ተኩል ጥቂት እንዳለፈ፣ ስሙን መጥራት ከማልፈልገው ከአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆሜ ነበር። አብረውኝ የነበሩት ጎረቤቴ፣ የሟች ባላቸውን ጡረታ ወደ ስማቸው ለማዛወር ብዙ ደጅ ጠንተው ወረቀታቸው ሁሉ ተሟልቶ አንድ ማኅተም ብቻ የቀራቸው አሮጊት ናቸው። ከመስታወቱ በስተጀርባ የተቀመጠው ወጣት ጸሐፊ ዐይኑን ከስልኩ ሳያነሣ፣ «እማማ፣ ገና ነው እኮ!» አላቸው። እሳቸውም በየዋህነት፣ «የለም ልጄ፣ ገናማ ትናንት ዋለ» ቢሉት ሳቅ ብሎ፣ «ጉዳይዎ ገና ነው ማለቴ ነው፤ ማኅተሙን የያዘው ሰውዬ ለገና ላሊበላ ሄዶ በዚያው ለጥምቀት ወደ ጎንደር ይሻገራል፤ ደግሞስ ሰው ከበዓል ቀስ እያለ አይደል የሚመለሰው? ባህላችን ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ማኅተም ያዥ ከቦታው መጥፋቱ ለእኛ አገር ባለጉዳይ አዲስ ነገር አይደለም፤ ታሞ ይሆናል፣ ለቅሶ ደርሶበት ይሆናል፣ ስብሰባ ጠርተውት ይሆናል ብሎ ልቡን አሳርፎ መመለስን ሁላችንም በየተራችን ተምረናል። ሳይሠራ የዋለውም ሰው ቢሆን፣ «ትናንት ዶሮውንም ጠላውንም አብዝቼ ዛሬ ራሴ ከበደኝ» ብሎ ቢናዘዝ፣ ዘንድሮ ገና ረቡዕ ውሎ ስለ በዓሉ ክብር ጾሙ የተሻረልን ምእመናን ሁሉ የድካሙ ተካፋዮች ነንና ንስሐውን በደስታ በተቀበልንለት ነበር። ይቅርታ የማይገኝለት፣ ሀኬትን ክርስትና አንሥቶ፣ ማዕተብ አስሮ፣ ስሟን «ባህል» ብሎ ካወጣላት በኋላ፣ ይህችን አዲስ ክርስቲያን ያልተሳለመ ባለጉዳይ ሁሉ የአባቶቹን ወግ የናቀ ነው ማለት ነው።

ቃሏን ወጣቱ አልፈጠራትም፤ እሱ የወረሳት ብቻ ነው። ከገና እስከ ጥምቀት ያሉትን 12 ቀናት እንደ አንድ የተያያዘ በዓል ቆጥሮ፣ መጣ የተባለውን ጉዳይ ሁሉ «ከጥምቀት በኋላ» እያሉ መመለስ፣ ከበር ጠባቂው እስከ ክፍል ኃላፊው ድረስ የሰፈነ ፈሊጥ ሆኗል። በክረምት «ዝናቡ አላላወሰንም» ይሉን ነበር፤ አሁን ግን ገና የሚውለው ሐጋይ በባተ በአራተኛው ቀን፣ ሰማዩ ጠርቶ መንገዱ ደርቆ ሳለ ነውና፣ የዝናቡን ቦታ የሚተካ ምክንያት ሲፈለግ ባህል ተገኘ።

እንግዲህ ባህል ለምስክርነት ከተጠራ ዘንድ ምስክሩ ራሱ ይናገር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ እነዚህ ሰዎችም መቼም ቢሆን ከአፋቸው አይለዩትም። ቆልማማ ዱላውን ይዞ ሩሯን የሚያባርረው ሎሌ፣ በግርግሩ መካከል የጌታውን ቅልጥም ቢመታው ጌታው ዋጥ አድርጎ ያልፈው እንደ ነበረ ተረቱ ይመሰክራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ተረቱ «በገና ጨዋታ» አለ እንጂ «ከገና ጨዋታ በኋላ» አላለም። ፈቃዱ ለሜዳው የተሰጠ ፈቃድ ነበር፤ ያ ሎሌ ከሜዳው ወጥቶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ወደ ግቢው ገብቶ፣ «ጌታዬ፣ በቅሎዋን የምጭነው ቀስ እያልሁ በ12 ቀን ውስጥ ነው» ቢል ኖሮ ሌላ ተረት ይወለድ ነበር፤ ያኛው ግን ስለ ገና ባልሆነም ነበር።

በልጅነቴ ገናን አጎቴ ዘንድ፣ በገጠር የዋልሁባቸው ጥቂት ዓመታት አሉ። ወራቱ የመውቂያ ነውና ጤፉ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ አውድማው በእበት ተለቅልቆ ይጠብቃል፤ በገና ዕለት ግን በሬዎቹም ሰዎቹም ያርፋሉ፣ ጠላው ይቀዳል፣ ልጆችም ሩር እያባረርን እስከ ምሽት እንቆያለን። በማግሥቱ ከእንቅልፌ ስነቃ አጎቴ ከመኝታቸው የሉም፤ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በሬዎቹን በአውድማው ላይ እያዞሩ ያበራያሉ። ከቀትር በኋላም ነፋስ ብቅ ሲል ላይዳውን አንሥተው እህሉን ወደ ላይ ይበትኑታል፤ ገለባው ወደ አንድ ወገን እየበረረ፣ ፍሬው ከእግራቸው ሥር እንደ ቀይ አሸዋ እየተከመረ፣ የትናንቱ ጠላ በግንባራቸው ላይ ላብ ሆኖ ሲወርድ ቆሜ አይቻለሁ። «ጋሼ፣ ዛሬም አያርፉም?» ብዬ ብጠይቃቸው ላይዳውን ሳያወርዱ፣ «ነፋሱ የመጣው ዛሬ ነዋ!» አሉኝ። እኚያ ሰው ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለ ባህልም ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ይሁን እንጂ በባህል ስም የሚምል ሰው ባህሉን ከእሳቸውና ከመሰሎቻቸው ካልወሰደው ከወዴት እንዳመጣው ሊነግረን ይገባል። (የቤታቸውን እመቤት ነገር እንዲያው አላነሣውም፤ እመቤቲቱ ከበዓል መመለስ አላስፈለጋቸውም፣ በበዓሉም ዕለት ከምድጃው ፈቀቅ አላሉምና።)

ወደ ቤተ ክርስቲያን ብናቀናም የወጣቱን ቃል የሚደግፍ አንድ ቀኖና አናገኝም። ታቦታቱ ጥር 10 ቀን በከተራ ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ በድንኳን ያድራሉ፤ ጥር 11 ቀን ባሕሩ ተባርኮ፣ ሕዝቡ ተረጭቶ ሲያበቃ ወደየመንበራቸው ይመለሳሉ፤ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ብቻ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ጥር 12 ቀን ይገባል። «ሰው ከበዓል ቀስ እያለ ነው የሚመለሰው» ብሎ ታቦቱን ጃን ሜዳ ላይ አንድ ሳምንት ያቆየ ካህን እስከ ዛሬ አልተሰማም። በእርግጥ ታቦት ሲመለስ በዝግታ ነው፤ ካህናቱ በጽናጽልና በመቋሚያ እያሸበሸቡ፣ ወጣቶቹ ምንጣፉን ከኋላ እያነሡ ከፊት እያነጠፉ፣ የአንድ ሰዓቱ መንገድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሆኖም ያ ቀስታ የሚሄድ ቀስታ ነው፤ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልክ የሚጠነቁል ቀስታ አይደለም።

አባቶቻችን ዕለትን ከዕለት የማያቀላቅሉ ሰዎች እንደ ነበሩ ለማስረዳት ባሕረ ሐሳብ ብቻውን ይበቃል። መጥቅዕንና ተውሳክን ደምረው፣ ጾመ ነነዌ ከጥር 17 ቀን እንዳትወርድ፣ ከየካቲት 21 ቀንም እንዳትወጣ ወሰን አበጅተውላት፣ ዘንድሮ በዘመነ ማርቆስ ነነዌ ጥር 25 ቀን፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ የካቲት 9 ቀን ትገባለች ብለው፣ ያለ ኮምፒዩተር፣ በጣታቸው አንጓ ቆጥረው የሚነግሩን ሊቃውንት የሚያውቁት ዋዜማን፣ በዓልንና ማግሥትን ነው። «ሰሞኑን» የሚባል ክብረ በዓል በስንክሳር የለም። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሲገባ የተመዘገበውም ከተራው፣ ጸሎቱ፣ ዝማሬውና የሕዝቡ ደስታ ነው፤ የማኅተሙ አለመዳሰስ እንዳልተመዘገበ እርግጠኛ ነኝ።

ነገሩን ከባህል ወደ ጥበብ ከፍ ሊያደርጉት የሚሞክሩም አልጠፉም። በታክሲ ስሄድ በኤፍ ኤም ሬዲዮ አንድ መካሪ፣ ከበዓል በኋላ ባሉት ቀናት ራሳችሁን አታስጨንቁ፣ ከቀላል ሥራ ጀምራችሁ ወደ ከባዱ በየደረጃው ግቡ እያለ፣ በለሰለሰ ድምፅ ሲመክር ሰማሁት። ሬዲዮውን ከፍቶ የሚሰማው ረዳት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በበሩ ተንጠልጥሎ ይጮኽ የነበረ ነውና፣ ቀላሉ ሥራ የትኛው እንደ ሆነ ሊጠይቀው የፈለገ ይመስል ወደ ሬዲዮው ዞር ብሎ አይቶት፣ እንደገና «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ማለቱን ቀጠለ። ፈረንጆቹም እንዲህ ያደርጋሉ የሚል መልስ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ፈረንጅ ግን ከልደቱ እስከ አዲስ ዓመቱ መዝጋት ሲያስፈልገው፣ በዚህ ቀን ዘግቼ በዚህ ቀን እከፍታለሁ ብሎ በሩ ላይ ይለጥፋል፤ ባለጉዳዩም የታክሲውን ገንዘብ ይዞ ቤቱ ይቀመጣል። የእኛው መሥሪያ ቤት በሩን ከፍቶ እጁን ይዘጋል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበርና፣ የላዩን ወሰን ሁሉም በቃሉ አጥንቶታል፤ ከሥር ግን ወሰን ያለው የማይመስላቸው ብዙዎች ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ያናደደኝ ግን ያ ማኅተም ነው። ማኅተም የሰውዬው አይደለም፤ ለአደራ የተሰጠው ነው። በዐቢይ ጾም፣ በገብር ኄር እሑድ፣ የጌታውን መክሊት መሬት ቆፍሮ ስለ ቀበረው ሀካይ አገልጋይ ሲነበብ፣ ይህ የእኛ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ራሱን እየነቀነቀ ከፊት ረድፍ እንደሚቆም አልጠራጠርም። ያ አገልጋይ ግን፣ ፍርዱ የጸና ቢሆንም፣ መክሊቱን ከቀበረ በኋላ የጌታውን መምጣት እዚያው ሆኖ ጠበቀ እንጂ በመሳቢያ ቆልፎበት፣ ቁልፉን በኪሱ ይዞ፣ ላሊበላ ማሜ ጋራ ላይ «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር ፎቶግራፍ ሲነሣ አልተገኘም። መንፈሳዊ ጉዞውን አልነቅፍም፤ እንዲያውም በረከቱ ይድረሰን፤ ነገር ግን ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ከተባለ፣ ለአሮጊት ያልሆነ ማኅተም ምን ይሁን እንደሚባል እሱው ይንገረን። ቁልፉን ለባልደረባው ሰጥቶ ለመሄድ የሚፈጀው ጊዜ የአንዲት ቡና ግማሽ አይሆንም።

ጥር 4 ቀን ሰኞ እንደገና ሄድን። የገናው ቄጠማ ደርቆ፣ ገርጥቶ ከወለሉ አልተጠረገም፤ በጠረጴዛው ጥግ ላይ የቡና ዝቃጭ የደረቀበት ሲኒ ነበር። ወጣቱም፣ ቃሉን ስለጠበቀ ላመሰግነው ይገባል፣ «ብዬዎት አልነበር እማማ፣ አሁን ደግሞ ጥምቀት ደረሰ» አላቸው።

ዛሬ ጥር 13 ቀን ረቡዕ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ባለማኅተሙ ተመልሶ ነበር። በቀይ ጥለት የተሠራ አዲስ ነጠላ በአንገቱ ጣል አድርጎ ከክፍል ወደ ክፍል «እንኳን አደረሳችሁ» ሲባባል፣ ከጎንደር ያመጣውን ዳቦ ቆሎ ለእያንዳንዱ በእፍኝ ሲሰጥ፣ እኛ ከወንበር ወደ ወንበር እየተዛወርን እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። በመጨረሻ ወደ መስኮቱ ብቅ ሲል አሮጊቷ ተነሥተው ወረቀቱን ዘረጉለት። አየት አደረገውና መልካም ፈገግታ አሳይቷቸው፣ «እማማ፣ ገና አሁን መግባቴ እኮ ነው፤ ሰኞ ይምጡ» አላቸው፤ ለእሳቸውም ከዳቦ ቆሎው ጥቂት ዘገነላቸው።

ደረጃውን ስንወርድ ዝም ብለው ነበር። ከበሩ ስንደርስ ወረቀቱን በመሐረባቸው ቋጥረው ከነጠላቸው ሥር ከተቱና፣ «ነነዌ መቼ ነች ያልኸኝ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥር 25 አልኋቸው። «ሰኞ ስንት ቀን ይሆናል?» 18 አልኋቸው። በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ፣ «ሰኞ ካመለጠን ሐሙስ አስተርእዮ ማርያም ነች፤ ከእሷ በኋላ ነነዌ ትገባና ጾም ነው ይሉናል» አሉና የዳቦ ቆሎውን እፍኝ ወደ እኔ ዘረጉ፤ «እንካ፣ እኔስ ጥርስ የለኝም።»