ከመርከቡ ወለል በታች

በዚህ ወር የምናነሣላችሁ በ1837 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ የተወለደውን ጥቁር አሜሪካዊ መርከበኛ ጆን ሎሰንን ነው። ማዕረጉ ከሁሉ የሚያንስ ነበረ።

በኦገስት 5 ቀን 1864 እ.ኤ.አ. የአድሚራል ፋራጉት መርከቦች በአላባማ፣ በሞቢል የባሕር ሰላጤ ከደቡቦቹ ጋር ተዋጉ። በዚያ የባሕር ዳር ጥቁር ሰው ገና እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበረ። ፋራጉት ከመርከቡ ገመድ ላይ ወጥቶ ማዘዙን ሁሉ ያወራል፤ እኛ ግን ዓይናችን ወደ ታች ይወርዳል። ሎሰን በዚያችው ሃርትፎርድ በተባለች መርከብ ውስጥ፣ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ለመድፎቹ ጥይት ወደ ላይ ያወጣ ነበረ። እንዲህ ያለ ሥራ ተመልካች የለውም፤ ከተቋረጠ ግን መድፉ ዝም ይላል።

በድንገት የጠላት ጥይት ገብቶ ስድስቱን፣ አንዱን ገደለ፣ ሌላውን አቆሰለ። ሎሰን እግሩ ቆስሎ ከመርከቡ ግድግዳ ጋር በኃይል ተላተመ። ነፍሱን ባወቀ ጊዜ ወደ ሕክምና እንዲወርድ ቢመክሩትም ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ውጊያው እስኪያበቃ ድረስም ሥራውን አልተወም።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር 31 ቀን የክብር ኒሻን ተሰጠው። ያረፈውም በ1919 እ.ኤ.አ. ነው።