ልቀየር ወይስ ልቆይ? የፍሬሽማኑ ጥያቄና የመቐለ ትምህርት

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይፋ በሆነ ማግስት በየቤቱ አንድ ዓይነት ሙግት ይነሳል። ልጁ ሐዋሳን አንደኛ አድርጎ ሞልቶ ነበር፤ የደረሰው መቐለ ነው። የመቐለው ልጅ በተራው ጅማ ደርሶታል። እናት «ልጄን አልልክም» ትላለች፤ አባት «መንግሥት የመደበውን ማን ይቀይራል?» ይላል። ልጁ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይሄድና ገና ወር ሳይሞላው «ዝውውር እንዴት ነው የሚጠየቀው?» ብሎ ይደውላል። ሕግ ተምሯል እየተባልኩ እንዲህ ያለው ስልክ ለእኔም ይደርሰኛል።

በቅድሚያ ሕጉን እንየው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ዜጋ በአገሪቱ ውስጥ የመዘዋወርና መኖሪያውን የመምረጥ ነፃነት ይሰጠዋል። አንቀጽ 41 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት ያጎናጽፈዋል። ሁለቱ ቢደመሩ ግን «የመረጥኩት ዩኒቨርሲቲ ይሰጠኝ» የሚል መብት አይወልዱም። ምደባ በውጤት፣ በምርጫና በተቋማቱ የመቀበል አቅም የሚሠራ የአስተዳደር ውሳኔ ነው። ቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ አጭር ነው፤ ሰሚ የሚያገኘውም በአብዛኛው በሐኪም ማስረጃ የተደገፈ ሕመምና መሰል ችግር ነው። «ቤተሰቤ ሰጋ» የሚለው ከበር ይመለሳል።

ይሁን እንጂ ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገድለዋል፤ በዚያው ዓመት ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች ታግተዋል። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ሰኔ 21 ቀን የፌዴራሉ ሠራዊት መቐለን ለቆ ሲወጣ፣ ከሌሎች ክልሎች የመጡ ተማሪዎች በትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ነበሩ። ስልክ ተቋርጦ ወላጅ የልጁን ድምፅ መስማት አቃተው። ልጆቹ በአፋር በኩል የወጡት በክረምቱ ነው። ያ ሁሉ ተማሪ ማመልከቻ ሳይጽፍ «ተዛወረ» ማለት ነው። የመቐለ ልጅ ግን መሄጃም አልነበረውም። ዩኒቨርሲቲው ትምህርት የቀጠለው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. ነው። የትግራይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችም ለብሔራዊ ፈተና የተቀመጡት በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነበር። ዓመታት ለባከኑበት ልጅ አንድ ተጨማሪ ዓመት ማጣት ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ የእኔ ጥያቄ ይመጣል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ትምህርት በመላ አገሪቱ የጋራ ሆኗል። መቐለ እንዳየሱስ ግቢ የተጀመረ ኮርስ ሐዋሳ ላይ ሊቀጥል ይችላል። ታዲያ መቐለ ተመድቦ ሐዋሳን የሚፈልግ፣ ሐዋሳ ተመድቦ መቐለን የሚፈልግ ሁለት ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢለዋወጡ ማን ይጎዳል? አልጋ አይጨምር፣ በጀት አይጨምር! ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ወጪውን ይጋራል፤ ውል ይፈርማል። ውል የሚፈርም ሰው ጥቂት ምርጫ ቢኖረው ምን ነውር አለው?

«ሁሉም ወደየክልሉ ይሸሽና ዩኒቨርሲቲዎቹ የየብሔሩ ጎራ ይሆናሉ» የሚል መልስ ይሰጣል። ክብደት ያለው መከራከሪያ ነው። አብሮ ለመኖር አብሮ መማር እንደሚረዳ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን አብሮነት በግዴታ የሚጸና ቢሆን ኖሮ የ2012ቱን ባላየን ነበር። የተማሪን እምነት የሚገነባው የተጠበቀ ግቢ ነው እንጂ የተዘጋ የዝውውር በር አይደለም። አንድ ለአንድ ልውውጥ ደግሞ በባሕርዩ ገደብ አለው፤ የሚመጣ ከሌለ የሚሄድ የለም።

ሕጉ እስኪሻሻል ግን ተማሪው ምን ያድርግ? በእኔ እምነት መጀመሪያ የሚሸሸውን ነገር ለይቶ ይወቅ። የፈለገው ዲፓርትመንት ከሆነ ቦታ መቀየር አይፈታለትም፤ ያ የሚወሰነው በዋናነት በአንደኛ ዓመት ውጤቱ ነው። ናፍቆት ከሆነ ቢያንስ የመጀመሪያውን ፈተና ይፈተን፤ ናፍቆት ከጓደኛ ጋር ይቀላል። ሕመም ከሆነ ማስረጃውን ይዞ ጊዜው ሳያልፍ ያመልክት። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካለ ግን ማንም «ፈሪ» ሊለው አይገባም፤ ትምህርት ከነፍስ በኋላ ነው።

ምንም ይሁን ምን፣ ሬጅስትራር ሳይሄድ፣ መልቀቂያ ሳይሞላ ጨርቄን ማቄን ብሎ እንዳይወጣ። በወረቀት የወጣ ተማሪ የመመለስ ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል፤ ጠፍቶ የሄደ ግን መከራከሪያ የለውም። የውጤቱንም ቅጂ በእጁ ይያዝ። ከተማዋ ከስልክና ከኢንተርኔት በተቆረጠችባቸው ዓመታት፣ መዝገቡ መቐለ ለቀረበት ተማሪ አንዲት ወረቀት ምን ያህል ዋጋ እንደነበራት መናገር አያሻም።

ትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ በሩን በሥርዓት ይክፈት። በሥርዓት ያልተከፈተ በር በግርግር ሲከፈት አይተናልና። ቸር ይግጠመን!