የተራራ መንገድ በደካማው እርምጃ ይለካል

በሥራ ቀን ከመዝገብና ከሚዛን ጋር ሲታገል የሚሰነብት ሰው በዕረፍቱ ቀን ከባልንጀሮቹ ጋር ወደ ተራራ ወጥቶ፥ ድንኳን ተክሎና እሳት አንድዶ ቢያድር የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው ነገር የለም። የደጋው አየር ደረትን ይከፍታል፤ የእግር ጉዞ በወንበር ላይ የደነዘዘውን ጉልበት ያፍታታል፤ በአንድነት የሚበላው ስንቅም በመሥሪያ ቤትና በሱቅ የማይገኘውን ወዳጅነት ያጠብቃል። ዳሩ ግን ወደ ተራራ የሚወጡ የከተማ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከድንኳኑና ከብርድ ልብሱ ጋር ሦስት ነገሮችን አብረው ይጭናሉ። እነርሱም ቅዳሜ ጧት ተነሥቶ እሑድ ማታ ለመመለስ የተቈረጠው ቀጠሮ፥ ጫፉን ሳይረግጡ መመለስን እንደ ኪሳራ የሚቈጥረው ሐሳብ፥ በአለቃም ፊት ደካማ ሆኖ መታየትን መፍራት ናቸው። ከሸክሙ ሁሉ የሚከብዱትም እነዚህ ናቸው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ከምጽዋ ተነሥተው ወደ ተራራ የወጡ አምስት ባልንጀሮች ነበሩ እንበል፤ አንደኛው የመሥሪያ ቤት ሹም፥ ሁለቱ ነጋዴዎች፥ አራተኛው መምህር፥ አምስተኛው በሹሙ ሥር የሚሠራ ወጣት ጸሐፊ። ያሰቡትም በሰንዓፌ አካባቢ የሚገኘውንና ከኤርትራ ተራሮች ሁሉ ከፍ የሚለውን፥ 3,018 ሜትር ከፍታ ያለውን የሶይራን ተራራ ለመውጣት ነበር። ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ በመኪና ከባሕሩ ጠረፍ ተነሥተው፥ ጊንዳዕንና ነፋሲትን አልፈው አሥመራ ላይ ቁርሳቸውን በሉ። ከዚያም በደቀምሐረ፥ በሰገነይቲና በዓዲ ቀይሕ በኩል አድርገው ሰንዓፌ ደረሱ። ለአካባቢው ሹማምንት መምጣታቸውን አስታውቀው፥ መንገዱን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ በመሪነት ይዘው፥ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከተራራው ሥር ድንኳናቸውን ተከሉ። በዚያች በአንዲት ቀን ሰውነታቸው ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,400 ሜትር በላይ ወጥቶ ነበር። እግራቸው ግን ገና ምንም ያህል ስላልሄደ፥ ሁሉም እንዳልደከመ አድርጎ ራሱን ቈጠረ።

ማታ እሳቱ ነደደ፤ ቡናው ተፈላ፤ ጨዋታውም ደራ። ወጣቱ ጸሐፊ ግን የቀረበለትን እንጀራ ነካ ነካ አድርጎ ተወው። ራሱን ይፈልጠው፥ ሆዱንም ያቅለሸልሸው ነበር። መምህሩ «ምን ሆንህ?» ቢለው፥ «ብርድ ነው፤ ይለቀኛል» ብሎ ጋቢውን ተከናነበ። አለቃው እየሰሙ «አልቻልሁም» ማለት ነውር መስሎት ሌሊቱን እንቅልፍ ሳያይ አደረ።

ሲነጋ ጉዞው ተጀመረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጸሐፊው ወደ ኋላ ይቀር ጀመር፤ ከሁለት ሰዓት በኋላም እግሩ በእያንዳንዱ ድንጋይ ይሰናከል ጀመር። ይህን ከሁሉ በፊት ያዩት ሽማግሌው መሪ ናቸው። ቆም ብለው ወደ ሹሙ ዞሩና «ጌታው፥ ይህ ልጅ ታሟል፤ እግሩን አያዘውም» አሉ። ከነጋዴዎቹ አንዱ «ጫፉ ይኸው ይታያል፤ እርሱ ከዚህ ጥድ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀን፤ ስንመለስ ይዘነው እንወርዳለን» ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሽማግሌውም «የታመመ ሰው በተራራ ላይ ብቻውን አይተውም» ብለው መለሱ። ሹሙ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እኔም ደክሞኛል፤ ሁላችንም እንመለስ» አሉ። እንዳልደከሙ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ያች አንዲት ቃል ወጣቱን ከኀፍረት አዳነችው።

በማግሥቱ ሰኞ በምጽዋ ይህን ጉዞ «ሳይሳካ የቀረ» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱ ግን ጉዞው የተሳካው በዚያች በመመለሻው ሰዓት መሆኑ ነው።

ምክንያቱም ተራራው ከሰው የሚወስደውን ግብር አስቀድሞ የሚያስታውቅ አይደለም። ወደ ላይ በተወጣ መጠን የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው ከመቶው 70 እጅ ያህል ብቻ ነው። ሰውነት ይህን መለመድ ይችላል፤ ለመልመድ ግን ቀናት ያስፈልጉታል። ጊዜ ካልተሰጠው፥ ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽ፥ የምግብ ፍላጎት ማጣት፥ የእንቅልፍ መንሣት ይከተላሉ። እነዚህም ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በደረሱበት ቅጽበት ሳይሆን ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ስለ ሆነ፥ ሰው ምክንያታቸውን በብርድ ወይም በመንገድ ድካም ላይ ያሳብባል። ሕመሙ ጐልማሳና ብርቱ ነው ብሎ ማንንም አይምርም፤ እንዲያውም ብርቱው ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣና ሕመሙን ስለሚደብቅ የባሰ ሊጐዳ ይችላል። ምልክቱ ሳይለቅ ወደ ላይ መውጣት ግን ፈሳሽ ወደ ሳንባ ወይም ወደ አንጐል እስኪወርድ ድረስ አድርሶ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። ከመድኀኒቱ ሁሉ የሚበልጠውና ያለ ገንዘብ የሚገኘው መድኀኒት ፈጥኖ ወደ ታች መውረድ ነው።

ነጋዴው የተናገረውም ቢሆን በከንቱ የሚናቅ አልነበረም። የመኪናው ነዳጅ ተከፍሏል፤ ስንቁ ተገዝቷል፤ ዕረፍቱም ሁለት ቀን ብቻ ነው። በገበያ ሕግ የጀመሩትን ሳይጨርሱ መተው ኪሳራ ነው። ነገር ግን ጥሩ ነጋዴ የከሰረበትን ዕቃ ለማዳን ሲል ዋናውን ገንዘብ አይጨምርበትም። ተራራው በሚመጣው ሳምንትም፥ በሚመጣው ዓመትም ከስፍራው አይነቃነቅም፤ በተራራው ላይ የተተወ ባልንጀራ ግን ሁለተኛ ላይገኝ ይችላል።

ለሹማምንት ደግሞ ትምህርቱ ከዚህ ይበልጥ ይከብዳል። በመሥሪያ ቤት ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ በተራራ ላይ ግን ወሬው ከታች ወደ ላይ መድረስ አለበት። አለቃው የማያውቀውን የበታቹ ያውቃል፤ የበታቹ ግን ካልተጠየቀ አይናገርም፤ በሰው ፊት ቢጠየቅም አይናገርም። ስለዚህ ማዕረጉ ከፍ ያለው ሰው ባልንጀሮቹን ማታና ጧት ለየብቻ «ራስህን ያምሃልን? በልተሃልን? እንቅልፍ ወስዶሃልን?» ብሎ መጠየቅ፥ ደክሞኛል ለማለትም ቀዳሚ መሆን ይገባዋል። አለቃ ደከመኝ ካለ፥ ሌላው ለመናገር አይፈራም።

መሐንዲሶችም ይህን የዳገት ሕግ ያውቁ ነበር። ከምጽዋ ወደ አሥመራ የሚወጣው የባቡር ሐዲድ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1887 ተጀምሮ አሥመራ የደረሰው በ1911 ነው። 118 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውም ከምጽዋ ወደ አሥመራ በቀጥታ መውጣት ስላልተቻለ፥ ተራራውን እየዞረና በዋሻ እየሾለከ እንዲወጣ ስለ ተደረገ ነው። ብረትና እሳት እንኳ ዳገቱን ቀስ ብለው ከወጡት፥ ሥጋ ለባሹ ሰው በአንድ ቀን ልውጣው ማለቱ የሚያስገርም ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለውም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

እንግዲህ ከቈላ ተነሥቶ ወደ ከፍተኛ ተራራ ለመውጣት የሚያስብ ሁሉ ሁለቱን ቀን ሦስት ወይም አራት ያድርጋቸው። በተቻለ መጠን አስቀድሞ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት በአሥመራ ይደር፤ ጊዜው ካልበቃውም ዝቅ ያለ ተራራ ይምረጥ። ውሃ በብዛት ይጠጣ፤ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከመጠጥ ይከልከል። በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በ6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፥ በምጽዋና በሶይራ ጫፍ መካከል የ20 ዲግሪ ያህል ልዩነት እንዳለ ዐውቆ ልብሱን ይያዝ። በጧት ተነሥቶ ከቀትር በፊት ከጫፉ ይውረድ። ከባልንጀሮቹ መካከል እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ፥ ንግግሩ የተምታታ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ያጠረው ቢኖር፥ ሌሊትም ቢሆን አጅቦ አውርዶ ወደ ሐኪም ያድርሰው።

የአገሩን ሰው መሪ አድርጎ መያዝም ለትርፍ ነገር የሚደረግ አይደለም። ይህ አካባቢ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ከ1998 እስከ 2000 ድረስ በሁለቱ አገሮች መካከል በተደረገው ጦርነት የተጐዳ አካባቢ ነውና፥ ከሚታወቀው መንገድ ያለ መሪ መውጣት ድፍረት እንጂ ጀግንነት አይደለም። የመሪውም ደመወዝ አስቀድሞ ተነጋግሮ ይቈረጥ፤ ጫፉ ቢደረስም ባይደረስም ሳይጐድል ይከፈለው። ክፍያው በጫፉ ላይ ከተንጠለጠለ፥ መሪው እንግዶቹን «ተመለሱ» ለማለት አፉ ይያዛል፤ ከእርሱ የሚፈለገው ግን ይልቁንም ያ ቃል ነው።

ከላይ የተነገረላቸው ባልንጀሮች ወደ ታች በወረዱ መጠን የጸሐፊው ራስ ምታት እየቀለለው፥ ማታ የቀረበለትን እንጀራ በልቶ ተኛ። በሌላ ጊዜ ወደዚያው ተራራ ሲመለሱ፥ ሦስት ሌሊት አሥመራ አድረው፥ ጸሐፊውን ከፊት አስቀድመው፥ በእርሱ እርምጃ ይሄዳሉ። ጫፉም ከዚያ ይጠብቃቸዋል።