ማረሻውን የሠራውስ?

ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር ትባል በነበረበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ የጎጃም ትልቁ ገበያ የጁቤ አጠገብ ያለው ባሶ ነበር። ከዓባይ ማዶ ወርቅ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ በግፍም ባሪያ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርዳል። የሲራራ ነጋዴው ከአባት ወደ ልጅ ንግዱን እያወረሰ ሀብት አፈራ፤ ነጋድራስ እስከመባልም ደረሰ።

ድንጋይ አቅልጦ፣ በወናፍ አናፍቶ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጠው ጠይብ ግን “ቡዳ” ተባለ። ገበሬው ያለ እሱ አንድ ትልም አያወጣም፤ ልጁን ግን አይድርለትም።

በዚያው ዘመን፣ በ1811 እ.ኤ.አ.፣ በጀርመን ኤሰን ከተማ ክሩፕ የተባለ የነጋዴ ቤተሰብ ልጅ የብረት ማቅለጫ ከፈተ። ልጁ አልፍሬድ የባቡር ጎማና መድፍ ለዓለም ሸጠ። ማዕድን፣ የድንጋይ ከሰልና መንግሥት አግዘዋቸዋል፤ ዋናው ነገር ግን የነጋዴው ገንዘብና የቀጥቃጩ ሙያ አንድ ቤት መግባታቸው ነው። እኛ ዘንድ ሁለቱ በአንድ ገበያ ውለው ሳይተዋወቁ ተለያዩ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጅ ምላስን ይገታል፤ ልብንና ኪስን ግን አይከፍትም።

ዛሬም የጎጃም ነጋዴ ገንዘቡን ለሕንፃና ከውጭ ለሚገባ ዕቃ ከማዋል አልፎ ከቴክኒክና ሙያ ከወጣው ወጣት ጋር መሸረክ አለበት። ጤፍ የሚያመርት አገር ማረሻውን ከሰው እጅ እየጠበቀ ጠገብኩ ሊል አይችልም።