የምናሰላው ለማን ነው?



ብልጫ ያለውን ንድፍ በኮምፒዩተር አስልቶ የማግኘት ጥበብ፤ ኦፕቲማይዜሽን የሚባለው፤ ዛሬ የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ጌጥ ሆኗል። ዳሩ ግን የምናሰላው ምንድን ነው? መልሱ በውጭ አገር መጽሔቶች ደጋግሞ የታተመ የሞላና የተበየደ ብረት ንድፍ አይደለምን? የታወቀውን መልስ በቅንጣት አሻሽለን «አሸነፍን» እንላለን። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው!

ጥበቡ ግን እንዲህ አልተወለደም። ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳተመው ዘዴ የተነሣው በሌኒንግራድ ከኮምፔንሳቶ ሠሪዎች ጥያቄ ነው፤ ሥራውን ለየመኪናዎቹ እንዴት ብናከፋፍል ብዙ ምርት እናገኛለን? ዳንዚግም በ1947 የሲምፕሌክስን ስልት ያወጣው የአሜሪካ አየር ኀይልን የዕቅድ ሥራ ሲሠራ ነው። ጥያቄው ቀደመ፤ ቀመሩ ተከተለ።

የእኛስ ጥያቄ ወዴት አለ? ከመካነ ሰላም ወጥተን ደጋውን ብናይ፤ መረሬው መሬት በክረምት ውሃ አቁሮ አዝመራ ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢልካ የተባለው ዓለም አቀፍ የከብት ምርምር ማዕከል ሁለት ማረሻ አጣምሮ ሰፊ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ፤ በዚሁ በደቡብ ወሎ በወረኢሉም ተሞከረ። መሣሪያው ውሃውን ያጠነፍፋል፤ ገበሬዎች ግን ከበደን አሉ። ማረሻውን ተሸክሞ ማሳ የሚወርድ ትከሻና የሚጎትተው የበሬ ጉልበት በስሌቱ ውስጥ ገደብ ሆነው ካልገቡ፤ የተገኘው «ምርጥ» ንድፍ ለማን ምርጥ ነው?

«ማረሻ ለዩኒቨርሲቲ አይመጥንም» የሚሉ አሉ። ክብደቱን፤ የመጎተቻ ኀይሉን፤ የትልሙን ጥልቀት፤ ዋጋውንና የቀጥቃጩን መዶሻ አቅም በአንድ ጊዜ ማስታረቅ ከተበየደው ብረት ይከብዳል እንጂ አይቀልም! የማይመጥነው ማረሻው ሳይሆን ባለ እጁን ቁጭ ብሎ መጠየቅን እንደ ውርደት የሚቈጥረው ኩራታችን ነው።

ስለዚህ መምህሮቻችንን እንጠይቃለን፤ ራሳችንንም እናስገድዳለን። የመመረቂያ ሥራ ሁሉ ከኮምፒዩተሩ በፊት ከማሳ ወይም ከቀጥቃጩ ቤት ይጀመር። ውጤቱም የሚመዘነው በመጽሔት ብቻ ሳይሆን፤ በተሠራው መሣሪያ ባረሰው ገበሬ ፍርድ ይሁን። ሞፈር የሚሸከመው ትከሻ ከእኛ ወረቀት የበለጠ ትክክለኛ ሚዛን ነው።