ከአንድ ክፍል የማይወጣ ቅጂ

ቆሼ አዲስ አበባ ከ50 ዓመታት በላይ የጣለችውን ሁሉ ሲቀበል የኖረ ስፍራ ነው። ስሙ ሲነሣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ያለቁበትን ዕለት የማያስታውስ የለም። የዛሬው ርእሳችን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። በቆሻሻ ክምር ላይ ብረቱንና ፕላስቲኩን እየለየ የሚሸጥ ሰው ከተጣለ ኮምፒውተር መዳብ ሊያገኝ ይችላል፤ በሃርድ ዲስኩ ላይ ተጽፎ የነበረውን ግን መልሶ የሚለቅመው የለም። በዌልስ የኒውፖርት ነዋሪ የሆነው ጄምስ ሃውልስ የ8,000 ያህል ቢትኮይን ቁልፍ የያዘ ዲስክ እ.ኤ.አ. በ2013 ከቆሻሻ ጋር ተጥሎበት፣ መጣያውን ለማስቆፈር ለዓመታት ሲሟገት ቆይቶ በጥር 2025 ክሱ ውድቅ ሆኖበታል። የጠፋው ቁልፍ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ ሊገለበጥ የሚችል ነበር።

የንግድ ድርጅቶቻችን ድረ ገጻቸውን እንደ በር ላይ ሰሌዳ ይቆጥሩታል። ነገር ግን የደንበኞች ትእዛዝ፣ የዋጋ ዝርዝርና የዓመታት ፎቶግራፍ የተከማቸው እዚያ ነው። ቅጂው የት እንዳለ ሲጠየቁ «ሠሪው ያውቃል» ይላሉ፤ ሠሪው ደግሞ ሰርቨር አከራዩን ይጠቁማል።

አከራዩስ? መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች ክላውድ የተባለው ኩባንያ ባለ አምስት ፎቅ የሰርቨር ሕንፃ ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም፤ ሆኖም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ተቋረጡ። የመጠባበቂያ ቅጂ ለማግኘት ከፍለው የነበሩ አንዳንድ ደንበኞች ቅጂያቸው የተቀመጠው እዚያው ሕንፃ ውስጥ እንደነበረ የተረዱት ከእሳቱ በኋላ ነው።

ይህ የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የዕድል ስሌት ጉዳይ ነው። አንድ ዲስክ በዓመት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ 5 በመቶ ነው እንበል። ሁለት ዲስኮች አንዱ ከሌላው ጋር ሳይገናኝ የሚበላሹ ከሆነ፣ ሁለቱም የመጥፋታቸው ዕድል 0.05 ሲባዛ በ0.05፣ ማለትም ከ400 አንድ ነው። መልካም ቁጥር ነው። ሁለቱም በአንድ ክፍል ቢቀመጡና ክፍሉ የመቃጠል ወይም የመዘረፍ ዕድሉ 1 በመቶ ቢሆን ግን፣ አደጋው ወዲያው ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። አሥር ዲስክ ቢጨመርም ከ1 በመቶ በታች አይወርድም። ተማሪዎቻችን በፈተና ላይ «ነጻ ሁነቶች» የሚለውን ሐረግ በቃላቸው ይጽፉታል፤ ትርጉሙ ግን ይኸው ነው።

እርስ በርሳቸው ወዲያው የሚገለባበጡ ሁለት ዲስኮችም መጠባበቂያ አይባሉም፤ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ላይ በቅጽበት ይሰረዛልና። ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 መጨረሻ አንድ ባለሙያው የመረጃ ቋቱን በስሕተት ሲሰርዝበት፣ ከተዘረጉት አምስት የመጠባበቂያ ዘዴዎች አንዱም እንደታሰበው ሳይሠራ ተገኘ። የዳነው ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ በተወሰደ ቅጂ ነው። ተከፍቶ ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም የምንለውም ለዚህ ነው።

ሐሳቡ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን አሜሪካ ሚኒሶታ አስቀምጧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ካታሎግ ሲያዘጋጁ የኖሩት በዚያ ቅጂ ላይ ነው። ቅጂው ባሕር መሻገሩን የማይወዱ አሉ፤ ቅሬታቸው ይገባናል። ሆኖም አዲስ አበባንና ሚኒሶታን በአንድ ሌሊት የሚያጠፋ እሳት አናውቅም።

ለአንድ አነስተኛ ሱቅ ይህን ያህል ርቀት አያስፈልገውም። በየሳምንቱ አርብ ድረ ገጹን ከነመረጃ ቋቱ በተንቀሳቃሽ ዲስክ ገልብጦ፣ ዲስኩን ባለቤቱ ወደ ቤቱ ይዞት ቢሄድ ይበቃል። ኢንተርኔቱ ቢዘገይ የመጀመሪያው ቅጂ ብቻ ሙሉ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ የተለወጠው ብቻ ይገለበጣል። ትእዛዝ በየቀኑ የሚቀበል ግን የሳምንት ትእዛዝ ማጣት ይችል እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ፤ ካልቻለ ቅጂው በየማታው መሆን አለበት።