«ተኚ» አትበሏት

ወገቡን የታመመ ሰው ከሚተኛበት አልጋ ጋር ያለኝ ጠብ የቆየ ነው። በዚህ ሳምንት ደግሞ አገረሸብኝ። አክስቴ ወገቧን ታማ ሳምንታት መተኛቷን ሰማሁና ልጠይቃት ሄድኩ። እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። የሊጥ ባልዲ ከመሬት ብድግ ስታደርግ ወገቧን ቀጥ አድርጎ ያዛት። ከዚያ ወዲህ የተባለችውን ሁሉ አድርጋለች። ፍራሹ ተነስቶ መሬት ላይ ስስ ምንጣፍ ተነጥፎላታል፤ ወገቧ በሰፊ ቀበቶ ተጠፍሯል፤ ሽንት ቤት የምትሄደው በሰው ተደግፋ ነው። ጠያቂው ዙሪያዋን ተቀምጧል። አንዷ «ብርድ ነው፣ በቅቤ ይታሽ» ትላለች። ሌላው «ዲስክ ነው፣ እንዳትነቃነቂ» ይላል። ሦስተኛዋ የምታውቀውን ወጌሻ ስልክ ከቦርሳዋ ታወጣለች። ሁሉም የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር «ተኚ» የሚለው ነው።

እነዚህ ሰዎች አክስቴን ይወዷታል። ምክራቸው ግን እየጎዳት ነው።

በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የሄልሲንኪ ጥናት አለ። ወገባቸውን ድንገት የታመሙ 186 የከተማው ሠራተኞች በሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀን እንዲተኙ ተነገራቸው። ለሁለተኛዎቹ የወገብ ማፍታቻ እንቅስቃሴ ታዘዘላቸው። ሦስተኛዎቹ ሕመሙ እስከፈቀደላቸው ድረስ የዕለት ኑሯቸውን እንዲቀጥሉ ተደረገ። ቶሎ የተሻላቸው ሦስተኛዎቹ ናቸው፤ ከሁሉም የዘገዩት የተኙት። ልብ በሉ፣ እነዚያ የተኙት ሁለት ቀን ብቻ ነበር። እኛ ዘንድ ወር ሙሉ የሚተኛ አለ። ጡንቻው ይሟሽሻል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ፍርሃቱ ሥር ይሰዳል፤ ሰውየው ብነቃነቅ እሰበራለሁ ብሎ ያምናል።

የመሬቱም ምክር መሠረት የለውም። ስፔን ውስጥ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸው 313 ሰዎች ግማሾቹ ደረቅ፣ ግማሾቹ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ተሰጥቷቸው ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲታተም የተሻላቸው መካከለኛው ላይ የተኙት ሆነው ተገኙ። ስለ ቀበቶውም የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2016 በእኛ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ተናግሯል፦ ሦስት ወር ላለፈው የወገብ ሕመም ቀበቶም ሆነ የወገብ መጎተቻ አይመከርም። ከሚመከሩት መካከል በሽታውን ለታማሚው በደንብ ማስረዳትና የአካል እንቅስቃሴ ይገኙበታል። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው ወገቡን ይታመም እንደነበር የተገመተ ሲሆን፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ይህ ነው የሚባል የአጥንትም የነርቭም ጉዳት የማይገኝበት ነው።

«ፊልሙን አየኸው?» አለችኝ አክስቴ። ትልቁን ፖስታ ከትራሷ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ። የኤምአርአይ ውጤቱ ሁለት የአከርካሪ ዲስኮቿ እንዳረጁና አንዱ ወደ ውጭ እንዳበጠ ይናገራል። ይህን ወረቀት ለመጣው ሰው ሁሉ ታሳያለች፤ በተነበበ ቁጥርም ይበልጥ ትደነግጣለች። ማንም ያልነገራት ነገር አለ። ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ምስል የመረመሩ ጥናቶች በ2015 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው ሲታዩ፣ የ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶ፣ የ80 ዓመት አዛውንቶች ደግሞ 96 በመቶ ያረጀ ዲስክ ነበራቸው። ዲስክ ከፀጉር ጋር አብሮ ይሸብታል። የሸበተ ሁሉ አልታመመም፤ ዲስኩ ያበጠ ሁሉም እንዲሁ። ደግሞም ያዋቂ ሰው ዲስክ የራሱ የደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል። ምግቡን የሚያገኘው በዙሪያው ካለው የሰውነት ክፍል ነው፤ የሰውነት መንቀሳቀስም ለዚህ ይረዳዋል። እንግዲህ እንዳትነቃነቂ የሚሏት በምን ሂሳብ ነው?

በማግስቱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሆነች ወዳጄን ይዤ ተመለስኩ። በመጀመሪያ ብዙ ጠየቀቻት። ትኩሳት ነበረዎት? ክብደት ቀንሰዋል? ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል? ሽንትዎን መቆጣጠር አቅቶዎታል? እግሯን በየተራ አስነሳቻት፤ ውስጥ እግሯን በጣቷ እየነካካች ይሰማት እንደሆነ አየች። ከዚያ በኋላ ነው ቀበቶውን የፈታችው።

«እማማ፣ በጀርባዎ ሆነው ጉልበትዎን ይጠፉ። አሁን ወገብዎን ቀስ ብለው ወደ ምንጣፉ ይጫኑ፣ ይልቀቁ።» አክስቴ ትንፋሿን ይዛ ጣሪያው ላይ አፈጠጠች። «ይተንፍሱ እንጂ!» ቀጥሎ አንድ ጉልበቷን ወደ ደረቷ እንድትስብ ነገረቻት፤ እጇ አልደርስ አለ። ልጅቷ ነጠላዋን ጠቅልላ ከጭኗ ሥር አሳለፈችና ሁለቱን ጫፍ አስጨበጠቻት። «በዚህ ይሳቡት። እስኪወጥርዎ ነው እንጂ እስኪያምዎ አይደለም።» ሃያ ሰከንድ ያህል ያዘች፣ ለቀቀች፣ ሌላውን እግር ቀጠለች። ከዚያ በእጅና በጉልበቷ ተንበርክካ ጀርባዋን ወደ ላይ አጎበጠች፣ መልሳም ወደ ታች አሰመጠች። ሦስተኛው ዙር ላይ ስትደርስ ትከሻዋ ላላ። በመጨረሻም ግድግዳ ይዛ ተነሳች፤ እስከ ግቢው በር ደርሳ ተመለሰች። ሕመሙ አልጠፋም። ፊቷ ግን ሌላ ፊት ሆነ።

ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድባቸው ሰዎች አንድ ነገር ማወቅ አለባቸው። በ1956 እ.ኤ.አ. ሮቢን ማኬንዚ የሚባል የኒውዚላንድ ፊዚዮቴራፒስት አንድ ታካሚ አልጋ ላይ በሆዱ እንዲተኛ ነግሮት ወጣ። አልጋው በራስጌው በኩል ከፍ እንደተደረገ ነበርና፣ ሰውየው ወገቡ ወደ ኋላ ተለጥጦ ቆየ። ማኬንዚ ደንግጦ ሲጠይቀው እግሩ ላይ የነበረው ሕመም እንደጠፋ ነገረው። አንድ ትልቅ የሕክምና ዘዴ የተወለደው ከዚያ ነው። ከእሱ የተረፈልን ጠቃሚ ምልክት ይህ ነው፦ ስትንቀሳቀሱ ሕመሙ ከእግር እየለቀቀ ወደ ወገብ መሐል ከተሰበሰበ፣ ወገቡ ራሱ ለጊዜው ቢያምም መንገዱ ትክክል ነው። ከወገብ ወደ እግር እየራቀ ከወረደ ያንን እንቅስቃሴ አቁሙ።

ወጌሻውን በተመለከተ ክርክሬ አጭር ነው። ለስላሳ መታሸት ለብዙ ሰው ይጠቅማል። ሳይመረመር ወገብ የሚጠመዝዝና የሚጎትት ሰው ጋ ግን አትሂዱ። የሳንባ ነቀርሳ የምንለው ቲቢ አከርካሪንም የሚበላበት ጊዜ አለ፤ በአገራችን እንግዳ በሽታ አይደለም። እንዲህ የተቦረቦረ አጥንት ሲጠመዘዝ ሰው እስከ ወዲያኛው ሽባ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ ያለበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ። እግሩ የሰነፈ፣ በጭኖቹ መሐል የደነዘዘ ወይም ሽንቱ ያስቸገረው ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

ለቀረው ሰው መድኃኒቱ እግሩ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎችን ተከታትሏል። በባለሙያ እየታገዙ ዘወትር በእግር የሄዱት ሰዎች ሕመሙ እስኪመለስባቸው መካከለኛው ጊዜ 208 ቀን ሲሆን፣ ይህ እገዛ ያልተሰጣቸው 112 ቀን ነው። በእግር መሄድ ራሱ መሣሪያ የለው፣ ክፍያ የለው።

ይህን ለአክስቴ ስነግራት «መቼ ልሂድ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ ምጣዱን ታሰማለች። ምጣዱ ዝቅ ያለ ነው፤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለእያንዳንዱ እንጀራ ጎንበስ ትላለች፤ ሊጡ ከጎኗ መሬት ላይ ነው፤ ውኃው በጀሪካን ከግቢ ይመጣል። ረፋድ ላይ ለየሱቁ ታደርሳለች። ጉዳዩ ከጡንቻ ወጥቶ ቤተሰብ ውስጥ ገባ። ልጆቿ ጎረምሶች ናቸው፤ ይወዷታል፣ ፊልሙንም ያስነሱት እነሱ ናቸው። ባልዲውን ግን አላነሱላትም። በየቤታችን እንዲህ ነው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው እናት፣ ሽሮ ሜዳ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲሸምን የሚውለው ሸማኔ፣ መርካቶ ማዳበሪያ ሙሉ እህል የሚሸከመው ወጣት፣ ሁሉም ወገባቸውን የሚታመሙት በሥራቸው ነው። ስፖርት ሥሩ ብሎ ማለፍ በቂ አይደለም። ሸማኔው በየመሐሉ ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ይለጠጥ፤ ሲያጎነብስ የዋለ ወገብ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። አሠሪ ያለው ሠራተኛም ለዚህ የሚሆን እረፍት ሊከለከል አይገባም።

የአክስቴ ልጆች ከትናንት ወዲያ ብሎኬት አምጥተው ምጣዱን ቆማ እንድትጋግርበት እስከ ወገቧ ከፍ አደረጉት። ባልዲውም በሁለት ትናንሽ ባልዲ ተተክቶ ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል።

ቤታችሁ የምትጋግር፣ ውኃ የምትቀዳ እናት ወይም ሠራተኛ ካለች፣ ወገቧን እስኪይዛት አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ጀሪካኑን እናንተ አንሱ፣ ምጣዱንም ከፍ አድርጉላት፤ በተረፋት ሰዓት ደግሞ አብራችኋት በእግር ውጡ።